ደብተሩ በስማችን፣ እህሉ በሰው ጎተራ፦ ባል የሌላቸው ሴቶችና መሬታቸው

ማርቆሴዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አክስቴ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አምስት ጥማድ መሬት አላት። የይዞታ ደብተሩ በስሟ ነው፣ ፎቶዋም ተለጥፎበታል። መሬቱን በእኩል የሚያርሰው የባሏ የወንድም ልጅ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ደህና ነበር፤ ጤፉን አውድማ ላይ ሰፍረው ይካፈሉ ነበር። ከዚያ "እታለም፣ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ፣ እኔ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ" መጣ። ይኸው አሁን ያመጣላትን ትቀበላለች። አንድ ጆንያ ካለ አንድ ጆንያ ነው። ስትጠይቀው ዝናቡ ቀደመ፣ ማዳበሪያው ተወደደ ይላታል።

በቀደም ስሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። የመሬት ግብሩንም የሚከፍለው እሱ ነው። ደረሰኙ ላይ የማን ስም እንዳለ ገምቱ።

ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። በዚያው ጎጥ ባሏ የሞተባት አለች፣ የተፋታች አለች፣ ባል ሳታገባ ልጅ የምታሳድግ አለች። አብዛኞቹ አንድ የማርያም ማኅበር ናቸው፤ በወር በወር በ21 ይገናኛሉ። ባለፈው ጠላው ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ ወሬው ወደ መሬት ዞረ። ሁሉም ያው ታሪክ ነው ያላቸው። አንዷ እንዲያውም ድንበሯ በየክረምቱ አንድ አንድ ትልም እየተገፋ ከዋንዛው ወዲህ መጥቷል።

መደራጀት ፈልገዋል። "ለየብቻ ስንናገር ጨቅጫቃ ነው የምንባለው" ነው የሚሉት። ምን ብለው ይደራጁ? ከየት ይጀምሩ? ከዘመድ ጋር ሳይጣሉ ማለቴ ነው፤ እዚያው ነው የሚኖሩት።

የሕግ ነገር

እህቴ፣ ጠበቃ ነኝ። ባሕር ዳር የመሬት ክስ ይዤ ነው ያረጀሁት። ከግብሩ ልጀምር፣ እሱ ያስፈራኛል።

የግብር ደረሰኝ ብቻውን ማንንም ባለይዞታ አያደርግም። ክስ በተነሳ ጊዜ ግን "ይኸው ስገብር የኖርኩት እኔ ነኝ" ተብሎ ይቀርባል። ሁለት ሦስት ምስክር ሲታከልበት ደግሞ ነገር ያወሳስባል። ስለዚህ አክስትሽ የዘንድሮውን ግብር ራሷ ሄዳ ትክፈል። ደረሰኙ በስሟ መቆረጡን እዚያው ታስነብብ። ከዚያ ደብተሩ ውስጥ ታስቀምጠው። ደብተሩ ራሱ የት ነው ያለው? ልጁ ጋ "ለአደራ" ከተቀመጠ ዛሬውኑ ይመለስ።

ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ውርስንም ይጨምራል። የክልሉ የመሬት አዋጅ 252/2009 አለ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ 456/1997 ነበር፣ እሱን ደግሞ አዋጅ 1324/2016 ተክቶታል። ግን አክስትሽ ቁጥር መሸምደድ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ውል ነው።

የእኩል እርሻ በአብዛኛው በቃል ነው። ችግሩም እዚያ ነው። ውሉ ይጻፍ፦ የትኛው ማሳ፣ አዋሳኞቹ እነማን ናቸው፣ ለስንት ዓመት፣ ዘርና ማዳበሪያ ማን ያወጣል፣ እህሉ የት ይካፈላል። ምስክር ይኑረው። ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ አስመዝግቡት። ከሁሉም በላይ ማብቂያ ቀን ይኑረው። ማብቂያ የሌለው ውል ነው ቀስ በቀስ አራሹን "መሬቴ" የሚያሰኘው።

አራሽ ነኝ

ሁላችሁም ከአንድ ወገን ነው የምታወሩት። እኔ የአንዲት ባል የሞተባት ሴት መሬት በእኩል አርሳለሁ። በሬው የኔ ነው። ጉልበቱ የኔ ነው። ጤፍ አራት አምስቴ ታርሶ ነው የሚዘራው፣ ይህን የምታውቁ ስንታችሁ ናችሁ? የማዳበሪያው ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ማዳበሪያውን ብቻዬን አውጥቼ እህሉን እኩል ስካፈል ሌባ እባላለሁ።

ውል ይጻፍ ካላችሁ ይጻፍ። ግን የማዳበሪያው ግማሽ የእሷ እንደሆነም ይጻፍ። ደግሞ ሴቶች ተሰብስበው አንድ ሰው ላይ ሲነሱ ዘመድ ከዘመድ መለያየት ነው ትርፉ።

ማርቆሴዋ

ወንድሜ፣ የማዳበሪያው ነገር እውነትህን ነው፣ ይጻፍ። አክስቴም ያኔ በደህናው ጊዜ ግማሹን ታወጣ ነበር። አውድማ ላይ አትምጪ የተባለችው ግን ከማዳበሪያው በፊት ነው።

ስለ መለያየቱ ልጠይቅህ። ባሏ ቢኖር ኖሮ ይኸው ልጅ አውድማው ላይ ሳይጠራው ይካፈል ነበር?

አራሽ ነኝ

አይካፈልም። እሱንስ ልክ ነሽ።

ጋሽ ደሴ

ልጆች፣ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ይህን ነገር ከሥሩ አይቼዋለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት ይሰጥ ይል ነበር። ጥሩ ቃል ነበር። ሥራ ላይ ሲውል ግን በገበሬ ማኅበሩ የሚመዘገበው አባወራው ነው። ያገባች ሴት በባሏ ስም ውስጥ ገባች። ባል የሌላት ግን እማወራ ተብላ በራሷ ስም ተመዘገበች። ይገርማችኋል፣ መዝገብ ላይ ስም የነበራት ባል የሌላት ሴት ናት። ደሃ ብትሆንም ስም ነበራት።

ከዚያ በ1989 በክልላችን ሽግሽግ መጣ። በደርግ ጊዜ ሹም ስለነበረ "ቢሮክራሲ" የተባለው ሰው አራት ጥማድ ብቻ ቀርቶለት የተረፈው ተወስዶበት ለሌላው ተሰጠ። ያኔ መሬት ከደረሳቸው ውስጥ ብዙ እማወራ ሴቶች ነበሩ። መሬት አገኙ፣ በሬ ግን የሰጣቸው የለም። ስለዚህ ያንኑ መሬት መልሰው በሬ ላለው ሰው በእኩል ሰጡ። አንዳንዷ መሬቷን የሰጠችው ለዚያው ለተቀማው ሰውዬ ነው። ሰውዬው እንዴት አድርጎ እንደሚያካፍላት እናንተው ገምቱት።

የደብተሩ ሥራ በክልላችን ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ እኛው አጠገብ ገራዶ ነበር፤ ሌላው እናንተ ዘንድ ጎዛምን ወረዳ፣ አዲስና ጉሊት የሚባለው ቀበሌ። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ሰዉ ሁሉ ይስቅ ነበር። ፍቺ ሲመጣ ሳቁ ቆመ። እና ደብተሩን አታቃልሉት። ግን ደብተር አያርስም።

ቀልደኛው

ታዲያ ሴቶቹ ራሳቸው አያርሱም? አውራ አምባ ሄዳችሁ እዩ። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል። አለቀ።

ማርቆሴዋ

እንዲህ ቀላል ቢሆን። የአውራ አምባ ሰዎች ዙምራ ኑሩን ተከትለው ከ1964 ጀምሮ አንድ ላይ ሆነው ነው የለመዱት፤ ያውም ስንት ስደት ቀምሰው።

እዚያ እኛ ሰፈር አንዷ ሞክራለች። ከባሏ ከተፋታች በኋላ በሬ ተውሳ ራሷ እርፍ ጨበጠች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዱ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ "ልጄ፣ ወንድ የሌለን መሰለብን እኮ" አላት። እሷም "ካላችሁማ ኑና እረሱልኝ" ብላው ትልሟን ቀጠለች። የዚያን ቀን የመጣላት የለም። በማግስቱ ግን ሁለት ጎረምሶች መጥተው አረሱላት። ለምን መጡ? ለእሷ አዝነው ሳይሆን ለሰፈሩ ነውር ነው ተብሎ። መሬቷ ግን ታረሰ።

ሁሉም ሴት ይህን ታድርግ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ልጅ ጀርባ ላይ አዝሎ ማረስ ቀልድ አይደለም።

ከጅዳ

እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። አላገባሁም። በላኩት ብር ወንድሜ ጥማድ በሬ ገዛ፣ የአባቴን ቤት በቆርቆሮ አለበሰ። አባቴ ካረፈ በኋላ መሬቱን ወንድሞቼ ተካፈሉት። "አንቺማ ሳዑዲ ነሽ፣ መሬት ምን ያደርግልሻል" አሉኝ። ነገ ስመለስ የት ነው የማርፈው? ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ትወርሳለች ወይስ አትወርስም?

የሕግ ነገር

ትወርሳለች። ሴት መሆንሽም ሆነ አለማግባትሽ መብትሽን አይቀንሰውም። ግን የኔ እህት፣ አትዘግዪ። መሬቱ በወንድሞችሽ ስም ከተመዘገበና ዓመታት ከተቆጠሩ ነገሩ ከባድ እየሆነ ይሄዳል።

ባለሽበት ቆንስላ ሄደሽ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ለወንድ ብቻ ነው የሚሰጠው ያለሽ ካለ አትስሚው፤ ለእህትሽም ለጓደኛሽም መስጠት ትችያለሽ። ተወካይሽ ወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ትጠይቅልሽ። በዚያ ወረቀት መሬት ጽሕፈት ቤት ትቀርባለች። ዝርዝሩ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ይለያያል፤ ከአባትሽ ጋር እየኖረ መሬቱን ሲያርስ የነበረ ልጅ ያለ እንደሆነም ይታያል። ስለዚህ ከመክሰስሽ በፊት አንድ ባለሙያ ፋይሉን ይይልሽ። አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ክልሎች ላይም ይሠራል።

ስለ በሬዎቹ ግን፦ ብሩን የላክሽበትን ወረቀት ሁሉ ሰብስቢ። ሐዋላውን ማለቴ ነው።

ከጅዳ

ሐዋላው ሁሉ አለኝ። ላስቲክ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እግዜር ይስጥሽ።

ቪዛግ የተማረ

እኔ ዶክትሬቴን የሠራሁት ሕንድ፣ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ ኅብረቱ ስታወሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ራጃስታን በምትባለው ክፍለ ሀገር ኤካል ናሪ ሻክቲ ሳንጋታን የሚባል የሴቶች ድርጅት አለ። እንደ ፈረንጆቹ 2000 መባቻ ላይ ነው የተቋቋመው። አባላቱ ባል የሞተባቸው፣ የተፋቱ፣ ባል ጥሏቸው የሄደ፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ ያላገቡ ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ በብዛት የመጡት ባል የሞተባቸው ነበሩ። እዚያ አገር ባል የሞተባት ሴት ሠርግ ላይ እንኳ እንደ ክፉ ምልክት ስለምትታይ መሰብሰቡ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

የሚገርመኝ አሠራራቸው ነው። አንዷ የባሏ ወንድሞች መሬቷን ከያዙባት ለብቻዋ ፍርድ ቤት አትሮጥም። መጀመሪያ ሴቶቹ ተሰብስበው መንደሩ ድረስ ይሄዳሉ። የመንደሩ ምክር ቤት ፊት ይቀመጣሉ። ወረቀቱን ያሳያሉ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ግን አይነሱም። ከዚያ ነው ፖሊስም ፍርድ ቤትም የሚመጣው። እያንዳንዷ የምታውቀው ነገር አለ፦ ነገ የኔ ተራ ነው፣ ያኔ እነሱም ይመጡልኛል።

ከዚያ አልፈው መሬት ለሌላቸው ሴቶች መንግሥት መሬት በስማቸው ይስጥ ብለው ሲጠይቁ ኖረዋል። የሕንድ መንግሥት በ2005 (በእነሱ) የሂንዱ ውርስ ሕጉን አሻሽሎ ሴት ልጅን በቤተሰብ ንብረት ከወንድ ልጅ እኩል አድርጓል፤ የእርሻ መሬትን ለይቶ ያስቀር የነበረውን አንቀጽም አንስቶታል። ሕጉ ወጣ ማለት ግን መንደሩ ሰማ ማለት አይደለም። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው።

መሬት ቢሮ ነበርኩ

ስሜን አልናገርም። መሬት ልኬት ላይ ሠርቻለሁ። ሴቶቹ መሬታቸውን የሚያጡባትን ሰዓት ልንገራችሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ሲመጣ ማሳው በካርታ ይለካል። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ማሳው ላይ ቆመው ድንበሩን ያሳያሉ። ያን ቀን ብዙ ጊዜ ባል የሌላት ሴት አትገኝም። ወይ አልነገሯትም፣ ወይ ገበያ ናት፣ ወይ "የሚያርስልኝ ልጅ ያሳይልኛል" ብላለች። ስለዚህ ድንበሩን የሚያሳየው አራሹ ነው። አራሹ ደግሞ አንዳንዴ አዋሳኙ ራሱ ነው!

ከዚያ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። ካርታውና የስም ዝርዝሩ ቀበሌ ይለጠፋል፤ ስህተት ያየ ቅሬታ የሚያቀርበው ያኔ ነው። ማንበብ የማትችል ሴት ዝርዝሩ ፊት ቆማ ምን ታደርጋለች? ስሟ ተሳስቶ፣ ማሳዋ አንሶ፣ ወይም ከአማቿ ልጅ ጋር "የጋራ" ተብሎ ተጽፎ ሊያልፍ ይችላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ደጅ ጥናት ነው።

እና ማኅበራችሁ ሌላ ምንም ባይሠራ ይህን ይሥራ። ሲለካ አብራችሁ ሂዱ። ሲለጠፍ ማንበብ የምትችል አንድ ተማሪ ልጅ ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። የሁሉንም ስም አንድ በአንድ አስነብቡ። በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ውስጥ ሴት ካለች ባል ያላትም ብትሆን ወዳጅ አድርጓት። ከሌለች ከመካከላችሁ አንዷ ለቀጣዩ ምርጫ ትቅረብ።

አሁን በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ቦታ ቢሮው እንደ ልብ እንደማይሠራ አውቃለሁ። እስኪከፈት ድረስ ድንበር ላይ ድንጋይ አስተክሉ፣ ሽማግሌ ይየው፣ በስልክ ፎቶ አንሱት።

የክሩ ጠባቂ

"ድር ቢያብር" የሚል ጥቅስ ለመለጠፍ የመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ይበቃል። "ሴት ካላገባች ነው ችግሩ" ያለው ሰውዬም አስተያየቱ ተነስቷል። ቀጥሉ።

ማርቆሴዋ

ምክራችሁን ሁሉ ወስጄ ሄጄ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኅብረት ሥራ፣ ማኅበር፣ ማኅተም ምናምን ለጊዜው ይቅር ተባለ። አሮጊቷ የማኅበሩ ሙሴ "ማኅተም ከኪሳችን ይወጣል፣ እግራችን ግን ነፃ ነው" አሉ። ስለዚህ በእግር ተጀመረ። በዚያው በ21 ወሰኑ፦ የማንኛዋም እህል ሲወቃ ሁለት ሴቶች አብረዋት አውድማ ይቀመጣሉ። ቡና ይዘው፣ ቆሎ ይዘው። ለጠብ አይደለም። መስፈሪያውን ለማየት ነው።

የአክስቴ ተራ ደረሰ። ልጁ ሦስት ሴቶች ጀበና ይዘው ሲመጡ ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ። "ምነው ሠርግ አለ እንዴ?" አለ። "አለ፣ የጤፍ ሠርግ" አሉት። ቡናው ተፈላ፣ እሱም ጠጣ። ጤፉ ተሰፈረ። አክስቴ የደረሳት ካለፈው ዓመት እጥፍ በላይ ነው። ዝናቡ ግን ያው ነበር።

ውሉም ተጻፈ። ለሁለት ዓመት ነው። ማዳበሪያው ግማሽ በግማሽ ሆነ (አራሽ ነኝ፣ ይህ በአንተ ምክር ነው)። ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ "አላመናችሁኝም" አለ። የባሏ ታላቅ ወንድም መጥተው "ውል ያለው ሰው ነው የሚታመነው፣ ፈርም" አሉት። ፈረመ። ግብሩን አክስቴ ራሷ ከፍላለች።

በሬውን በተመለከተ እቁብ ጀምረዋል። የወጣላት በሬ ትገዛለች፤ ሌላዋ ከወጣላት ጋር ታቀናጃለች። ጥማድ ሲሞላ አራሽ በእኩል ሳይሆን በቀን ሥራ ይቀጥራሉ። መቼ ይሞላል እግዜር ያውቃል፣ በሬ በዚህ ዋጋ። ግን ንግግሩ ራሱ ሰፈር ውስጥ ተሰምቷል። አንዳንድ አራሾች ከወዲሁ ለስለስ ብለዋል።

ድንበሯ የተገፋባት ሴት ገና አልተፈታላትም። ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ድረስ ይመለስ ብለው ነበር፣ ሰውዬው "ዋንዛው እኔ የተከልኩት ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ዋንዛው ደግሞ ከሰውዬው ዕድሜ ይበልጣል። ወደ ወረዳ ሊሄዱ ነው፣ መንገዱ ሲከፈት። አምስት ሆነው።

የሕግ ነገር

ስለ ዋንዛው ከመከራከራችሁ በፊት የአዋሳኞቹን ስም ከደብተሩ ላይ አስገልብጡ። በመጀመሪያው ደብተር በሰሜን እከሌ፣ በደቡብ እከሌ ተብሎ ተጽፏል። ያ ከዛፉ ይበልጣል።

አራሽ ነኝ

ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል። እኔም ከሴትዮዋ ጋር እንጽፋለን ብለናል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ማንም አላነሳውም። ገለባውስ? በሬዬ ምን ሊበላ ነው? የጤፍ ጭድ እኮ ዛሬ ደህና ብር ያወጣል።

ማርቆሴዋ

አክስቴ ውል ላይ አጽፋዋለች፦ ጭዱ እኩል፣ አራሹ በሬ ካለው ግን ሁለት እጁ ለአራሹ፣ አንድ እጁ ለእሷ። ላሟ ስለደረቀች ነው የተስማማችው። ላሟ ከወለደች እንደገና እንነጋገር ብላለች።